በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ?

ልጄ እርግዝናዋ ስድስት ወር ሊሞላው ሲል ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። የመጀመሪያዋ ነው። ነርሷ ገና ወጣት ናት፤ ጥያቄዎቹን በቃሏ ስለያዘቻቸው ቀና ሳትል ታነበንባቸዋለች። ደም ግፊት አለብሽ? እግርሽ ያብጣል? ራስሽን ያምሻል? ከዚያ፣ «በቤተሰብ ስኳር ያለበት አለ? እናት፣ አባት፣ እህት፣ ወንድም?» አለቻት።

ልጄ ሳቀች። «አባቴ በጨጓራ ነው የሞተው። እናቴ ደግሞ ይኸችውልሽ» አለችና በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «እሷ ከፍርሃት ሌላ በሽታ የለባትም።»

ነርሷም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ነርሷ የለም ብላ ጻፈችና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።

ይቺን ልጅ የወለድኳት እኔ አይደለሁም። የእህቴ ልጅ ናት። እህቴን የገደላት ስኳር ነው። ይህንን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው ዛሬ በአጠገባችን የለም።

እኔና እህቴ መርካቶ የገባነው እናትና አባታችን ሞተው፣ ልጆች ሆነን ነው። አባታችንን አላስታውሰውም። እናታችን ግን ውሃ ውሃ እያለች፣ ከእንስራው ሥር ሳትርቅ፣ ከስታ ከስታ ነው ያለቀችው። አገር ቤት ያኔ ቡዳ በላት ተባለ። ዛሬ ሳስበው እሷም ስኳር ሳይኖርባት አልቀረም። ከእሷ በፊት የነበሩት በምን እንደሞቱ ማን ጠይቆ ያውቃል?

አዲስ አበባ ያመጣን አጎታችን ነው። ቤቱ ውስጥ ስም አልነበረንም። «እነዚያ የሙት ልጆች» ነበር የምንባለው። ወጥ ሲደፋ የደፉት የሙት ልጆች ናቸው፤ ሳሙና ሲያልቅ የጨረሱት የሙት ልጆች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ የአጎታችን ሚስት የራሷን ልጆች በስም በስም እየጠራች ታስተዋውቅና ወደ እኛ ስትደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «የሙት ልጆች ናቸው» ትላለች። እንግዳው ከንፈሩን ይመጣል። እህቴ ያንን የከንፈር መጠጣ ከዱላ አብልጣ ትጠላው ነበር።

እኔ እስከ አራተኛ ክፍል የተማርኩት እሷ አሮጌ ጆንያ እየሰፋች ነው። በኋላ እኔንም አስተማረችኝ። እስከ ዛሬ የምኖርበት ሥራ እሱ ነው። ነጋዴው እህሉን፣ ስኳሩን፣ ሲሚንቶውን ገልብጦ የጣለውን ማዳበሪያ እንሰበስባለን፤ እናራግፋለን፤ የተቀደደውን በወስፌና በሲባጎ ሰፍተን እንደገና እንሸጠዋለን። እህቴ ስትሰፋ የምታየው እጇን አልነበረም። አላፊ አግዳሚውን እያየች፣ እየቀለደች፣ ስፌቷ ግን እንደ ባቡር ሐዲድ ቀጥ ያለ ነበር።

አግብታ የመጀመሪያ ልጇ ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛውም ሞቶ ተወለደ። ሦስተኛውን እንዳረገዘች ባሏ፣ ጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሾፌር ነበር፣ ሄዶ ቀረ። ሌላ ትዳር ይዟል አሉን። እሷ ግን ሆዷን እያሻሸች «ይሄኛው ይቆይልኛል» ትል ነበር። ቆየላትም። ሴት ልጅ ወለደች፤ ግዙፍ፣ ጉንጯ ዓይኗን የሸፈነው ልጅ። አዋላጇ ለመያዝ ከበደችኝ ብላ ሳቀች። ጎረቤቱ እልል አለ። እኔም እልል አልኩ። ልጅ ትልቅ ሆኖ ሲወለድ የእናትየው ደም ምን ተሸክሞ እንደነበር የሚናገር ምልክት ሊሆን እንደሚችል የነገረን አልነበረም። ገንፎው፣ አጥሚቱ የሠራት ልጅ ናት ብለን ነው የተደሰትነው።

ከወለደች በኋላ እህቴ መክሳት ጀመረች። ጀሪካኑን አፏ ላይ ደፍታ ትጠጣለች፤ ወዲያው ደግሞ ወደ መጸዳጃ ትሮጣለች። ማጥባቱ ነው አልን። ከዚያ ከማዳበሪያ ክምር መሃል የወጣ ሚስማር እግሯን ወጋት። ቁስሉ አልድን አለ፤ ጠቆረ፤ ሸተተ። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳር ነው አሉን። አስታውሳለሁ፣ ለሐኪሙ «ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለም እንዴ? እኛ እኮ ሻይ እንኳ ያለ ስኳር የምንጠጣበት ቀን ብዙ ነው» አልኩት። ሐኪሙ አልሳቀብኝም። «ለሀብታም ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር» አለኝ።

እህቴ መሞቷ እንደማይቀር ያወቀች ቀን እጄን ያዘችኝ። ልጅቷ ያኔ ግድግዳ ይዛ መራመድ ጀምራለች።

«እኔና አንቺ እንዴት እንዳደግን ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ልጄ የሙት ልጅ የሚለውን ቃል እንዳትሰማው። አንቺ ነሽ እናቷ። እኔን ከነጭራሹ አታንሺኝ። ስታድግም፣ ስታገባም፣ ስትወልድም አታንሺኝ። አደራ። የሰማይ የምድር አደራ።»

«እሺ» አልኳት።

«እሺ አይበቃም። በይ ማይ።»

ማልኩ።

ከቀብሩ በኋላ ያ ሐኪም አስጠርቶ አነጋግሮኝ ነበር። ይህ በሽታ በቤተሰብ ሊወርድ ይችላል፣ አንቺም በየጊዜው ተመርመሪ፣ ልጅቷ ስታድግም ትመርመር፣ በተለይ ካረገዘች ለሐኪም ይነገር አለኝ። የሚወርሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ግን ቀድሞ የሚከታተለውን ሰው በድንገት አይዘውም አለ። እኔ በየጊዜው እመረመራለሁ። እስካሁን አልተገኘብኝም። ያኔ ግን አንድ ነገር አላስተዋልኩም፤ እህቴ ያስማለችኝና ሐኪሙ ያዘዘኝ አንድ ላይ ሊሄዱ የማይችሉ መሆናቸውን።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነበር። ገና እንደተጋባን ነው ልጅቷን ይዤበት የገባሁት። ስሙን ሰጣት። ለእኛ ሌላ ልጅ አልመጣልንም፤ እሱም አንድ ቀን አላነሳውም። ሰፈር ቀየርን፤ ከመርካቶ አንዱ ጫፍ ወደ ጭድ ተራ በኩል። ለማያውቅ ሰው አንድ ገበያ ነው። ለኛ ግን ከአንዱ ተራ ወደ ሌላው መዛወር አገር እንደ መቀየር ነው፤ ማንም ማንንም ከየት መጣሽ አይልም፤ ሁሉም ከሆነ ቦታ የመጣ ነው። ልጅቷ እማዬ አለችኝ። እኔም እናቷ ሆንኩ። ባለቤቴ ሲሞት ደግሞ ከምስጢሩ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ከጤና ጣቢያው በተመለስን ማግስት ጀምሮ ልጄን መጠበቅ ጀመርኩ። እሷና ባሏ ዱባይ ተራ፣ ከፎቁ ሥር ካሉት ጠባብ ሱቆች በአንዱ የሕፃናት ጫማ ይሸጣሉ። እኔ ማዳበሪያዬን ጥዬ በሆነ ባልሆነው ሰበብ እሄዳለሁ። ውሃ ስትጠጣ አያለሁ። አንዱን የላስቲክ ውሃ ጨርሳ ሌላውን ስትከፍት አያለሁ። «ሙቀቱ ነው፣ እማዬ፣ እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ገብተሽ ሞክሪው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ሱቁ ይሞቃል። ግን እህቴም ሁልጊዜ ምክንያት ነበራት።

ሆዷ ደግሞ ከወሩ ቀድሞ ገፋ። ያየ ሁሉ መንታ ነው ይላል። የሱቁ ጎረቤት ሁሉ ነፍሰ ጡር ያማራት እንዳይቀርባት ብሎ ያመጣል። አንዱ ሐላዋ፣ አንዱ ተምር፣ አንዷ የማር እንጀራ ከነሰፈፉ። ለስላሳማ ሳይጠየቅ ነው የሚላከው። እኔ እየተከተልኩ እሰበስባለሁ። ዞር ስትል እደብቃለሁ፤ ለተሸካሚ፣ ለሊስትሮ፣ ለመጣው ሁሉ እሰጣለሁ።

አጠገቤ የምትሰፋ ሴት አለች፤ አብረን ብዙ ጊዜ ሠርተናል፤ አፏ እንደ ወስፌዋ ነው። እሷም ለልጄ ብላ ተምር ገዝታ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተምሬ የት ደረሰ?»

«ሰው ሰጠሁት።»

«ለነፍሰ ጡር የመጣ ተምር ለሰው ይሰጣል? ልጁ ግንባሩ ላይ ተምር የሚያህል ምልክት ይዞ ቢወጣ ተጠያቂው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ነሽ! እንደዚህ ያለ ስስት አይቼ አላውቅም። የልጅሽን አምሮት ትቀሚያለሽ? ለቅንጣት ተምር?»

ልጄም ያው ነው የመሰላት። አንድ ቀን የለስላሳውን ጠርሙስ ከእጇ ስወስድባት ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የምትሰስችብኝ?» አለችኝ። በሕይወቴ ሙሉ በእሷ ላይ የሰሰትኩት ነገር ቢኖር ያ ጣፋጭ ብቻ ነበር።

እንመርመር ብላት እሺ ትላለች ብዬ ሞከርኩ። «ስኳርሽን ብንታይ ምናለ?» አልኳት።

«ነርሷ ጠይቃኝ የለም አልኩ አይደል? ለሌለ ነገር ምን ያስኬደኛል? አሁን በዓል ደርሷል፤ ሰው ለልጆቹ ጫማ የሚገዛው ዛሬ ካልሆነ መቼ ነው? ከበዓል በኋላ።»

«ከበዓል በኋላ ይቆያል።»

«እማዬ! አንቺ ምን የማትፈሪው ነገር አለ?»

ይሄ ነው ያቃጠለኝ። ሁሉን ነገር እየፈራሁ ነው ያሳደግኳት። ዝናብ ሲመጣ መብረቅ፣ ማብሪያ ማጥፊያ ስትነካ እጅሽ እርጥብ ነው፣ ታክሲ በር ዳር አትቀመጪ፣ የመንገድ ሳንቡሳ አትብዪ፣ ፀጉርሽ ሳይደርቅ አትውጪ። እህቴን በእጄ ላይ ካጣሁ በኋላ የማልፈራው ነገር አልቀረም ነበር። ፍርሃቴ ለልጄ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ሆነባት፤ ሁልጊዜ ስለሚጮህ አትሰማውም። አሁን እውነተኛው ነገር ሲመጣ በዚያው ድምፅ ስለነገርኳት እንደ መብረቁና እንደ ሳንቡሳው ቆጠረችው።

ብቻዬን ወደ ጤና ጣቢያው ተመለስኩ። በሩ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች ስለነበሩ ወደ ነርሷ ጆሮ ጠጋ ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ከባለቤቴ ሌላ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ይሄን ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ በዚያው ቀን ነበር የምልካት።»

«አሁን አስጠርተሽ ብቻ መርምሪያት፣ ሲስተር። ምክንያቱን አትንገሪያት።»

«ለምን ብላ ብትጠይቀኝስ? ታካሚዬ እሷ ናት፤ አልዋሻትም። ደግሞ ከእኔ አፍ ከምትሰማው...» አለችና ብዕሯን መልሳ አነሣች። «እናቷ ሁለት ልጅ ሞቶባታል ነው ያሉኝ?»

«ሞተው ተወለዱ።»

«ስንት ወራቸው ነበር?»

«ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው።»

ነርሷ ፊቷን ማስተካከል አልቻለችም። ስኳር ከፍ ብሎ ካልተያዘ ልጁ ማህፀን ውስጥ እያለ፣ መጨረሻው ላይ፣ ድንገት ሊጠፋ እንደሚችል ነገረችኝ። ቀድሞ ከታወቀ ግን በምግብም በመድኃኒትም ይያዛል፤ ብዙዎች ደህና ይወልዳሉ አለችኝ። «ቀድሞ ከታወቀ» የሚለውን ሁለቴ አለችው። «ጠዋት ሳትበላ ይዘዋት ይምጡ» ብላ ሸኘችኝ።

ግማሹን ብነግራት ያልፍ ይሆን ብዬ አሰብኩ። አደራውንም ብዙ ሳልነካ፣ ልጄንም ላድን። በማግስቱ ሱቋ ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩና፣ «እህት ነበረችኝ። በስኳር ነው የሞተችው» አልኳት።

የያዘችውን ካርቶን አስቀመጠች። «እህት? አንቺ? እስከ ዛሬ እንዴት ሳትነግሪኝ?»

«ሲያሳዝነኝ ነው።»

መጥታ አቀፈችኝ። ትልቁ ሆዷ ጎኔን ነካኝ፤ ልጁ ሲራገጥ ተሰማኝ። «ውይ እማዬ! ለካ ለዚህ ነው እንዲህ የሆንሽው። ምስኪን» አለችኝ። ራሴን እየዳበሰች፣ «ግን አትጨነቂ። እሷ አክስቴ ናት፤ የወለድሽኝ አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ትመረመሪያለሽ፣ የለብሽም። እኔ ደግሞ ቁርጥ አንቺን ነው የምመስለው፤ ሁሉም ሰው ይለናል። አንቺ ደህና ከሆንሽ እኔም ደህና ነኝ» አለችኝ።

ከእቅፏ መውጣት አልቻልኩም። የእኔ ጤንነት፣ ያልወረስኩት ነገር፣ ለእሷ ዋስትና ሆኖላት ነበር። ግማሹን እውነት ነግሬ ከበፊቱ ይበልጥ አዘናጋኋት። ከሱቁ ስወጣ እግሬ የት እንደሚረግጥ አላየሁም፤ አንድ ተሸካሚ «ማዘር፣ ዞር በይ!» ብሎ ባይጮህብኝ በጀርባው የተሸከመው ብረት ራሴን ይለኝ ነበር።

እህቴን ከመሐላው ፍቺኝ ለማለት ሄድኩ። ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም። የተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ከሄድኩ ቆይቻለሁ፤ ልጅቷ ካደገች ወዲህ የማን መቃብር ነው እንዳትለኝ እየፈራሁ ነበር የቀረሁት። መቃብሯ ላይ ከስሟ ጋር ያቆምናት የብረት መስቀል ነበረች። አጣኋት። በነበረችበት በኩል አዲስ አጥር ተሠርቷል። የግቢውን ጥበቃ ጠየቅኩት። አሮጌው አፅም ተነሥቶ በአንድ ላይ ተቀብሯል፣ ያኔ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፣ ቤተሰብ ያለው መጥቶ ወስዷል አለኝ።

«ቤተሰብ ነበራት እኮ» አልኩት።

«ታዲያ ምነው አልመጣችሁም?» አለኝ፤ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም።

አጥሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቆምኩ። ፍቺኝ ልላት የመጣሁት ሴት የት እንዳለች አላውቅም። ስሟን ማንም እንዳያነሣ አድርጌ ደብቄያት፣ በመጨረሻ ከመሬትም ጠፍታ አገኘኋት። የሚፈታኝ የለም። አደራውን ብበላ ነፍሴ፣ ብጠብቀው ልጄና የልጄ ልጅ። እንዲህ እያሰብኩ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ወደ መርካቶ የሚመለሰው ታክሲ ውስጥ ግን ወስኜ ነበር የተቀመጥኩት። እህቴ ልጇ የሙት ልጅ እንዳትባል ብላ ነው ያስማለችኝ። ልጇ ራሷ ከሞተች አደራውን ለማን ብዬ ልጠብቀው?

ሱቁ ስደርስ በበዓሉ ምክንያት መተላለፊያው በሰው ተጨናንቋል። ባሏ ዕቃ ሊያመጣ ወጥቷል። ልጄ ዱካ ላይ ተቀምጣ ለስላሳ እየጠጣች ነበር። ስታየኝ ጠርሙሱን ከጀርባዋ ደበቀች፤ እንደ ትንሽ ልጅ።

«አትቀሚኝ፣ የመጨረሻዬ ነው» አለች እየሳቀች።

«የወለድኩሽ እኔ አይደለሁም» አልኳት። ሌላ ዓይነት አነጋገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ምን?»

«ያች የነገርኩሽ እህቴ። እሷ ናት የወለደችሽ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ፈርተሽ ነው?» አለችና ልትስቅ ጀምራ ፊቴን ስታይ ተወችው።

አንድ ሰውዬ ልጁን ይዞ ብቅ አለ። «እህት፣ ይቺ ቀይዋ ቁጥሯ አለ?»

ልጄ ተነሣች። ጫማውን አወረደች። የልጁን ጫማ አወለቀችለት፣ አዲሱን አጠለቀችለት፣ በአውራ ጣቷ ጫፉን ተጫነችለት። «ያድጋል፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ይሁንለት» አለች። ሰውዬው «የመጨረሻዋን ንገሪኝ» አላት። «የመጨረሻዋ ናት፣ ለልጅህ አትሰስት» አለችው። ተከራከሩ። ሸጠችለት። በላስቲክ አድርጋ ሰጠችው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። እኔ ግን እጇን አይ ነበር፤ የላስቲኩን አፍ መክፈት አቅቷት ደጋግማ አሻሸችው።

ሰውዬው ሲሄድ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «በስኳር ነው የሞተችው» አለች። መጠየቋ አልነበረም።

«አዎ።»

«ስሟ ማነው?»

ነገርኳት። ስሙን በቀስታ ደገመችው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በልጇ አፍ ሲጠራ ስሰማ የጫማው ካርቶን ላይ ተቀመጥኩ። የቀረውን ሁሉ ነገርኳት። ሞተው የተወለዱትን፣ የእግሯን ቁስል፣ መሐላውን። አላቋረጠችኝም።

ስጨርስ ዞር አለች። «ነርሷ ስትጠይቀኝ አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።»

«ነበርኩ።»

«ሳቅሽ።»

«ሳቅኩ።»

«እኔ ሳልወልደው ልጄ ሊሞት ይችል ነበር፣ አንቺ ግን ሳቅሽ።»

አደራ ነበረብኝ ልላት አልኩና ቃሉ ራሱ አስጠላኝ።

«ሂጂ፣ እማ...» አለችና ቃሉን ሳትጨርሰው ቆመች። አፏ ውስጥ ምን እንደምታደርገው ያላወቀች ትመስል ነበር። «ሂጂ» አለች ብቻ።

በማግስቱ ጠዋት ከባሏ ጋር ሄደው ተመረመረች። የደወለልኝ ባሏ ነው። «እትዬ፣ ከፍ ብሏል ብለውናል፤ በጣም ከፍ ብሏል። ሆስፒታል ተልከናል» አለኝ። ሆስፒታሉ መርፌ ጀመረላት፤ ራሷ ሆዷ ላይ ትወጋለች። ልጁ ከወሩ በላይ ትልቅ ነው ተብሏል። በየሳምንቱ መታየት አለባት። «እርስዎን አይምጡ አላለችም» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ነው። «ግን ለጊዜው እናቴ ቤት ትሁን ብለናል።» አራስነቷንም እዚያው ልታደርግ ነው ማለት ነው። ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ የምትታረሰው እናቷ ቤት ነው። ክፍሉን ኖራ ቀብቼ ነበር።

ተመልሼ ከማዳበሪያዬ ጋር ተቀመጥኩ። አጠገቤ የምትሰፋው ሴት ሁለት ቀን አየችኝና፣ «ልጅሽ ጠፋች። ተጣላችሁ?» አለችኝ።

«ትንሽ።»

«ለዚያች ተምር ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«ነግሬሽ ነበር!» አለች። በእውነት አዝና ሌላ ተምር ልትገዛላት ተነሣች፤ ቀሚሷን ይዤ መለስኳት።

ወደ አማቷ ቤት ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ የተመለስኩባቸው ቀናት አሉ። ባሏ ይደውላል። አንዳንዴ የሐኪሙን ጥያቄ ይዞ ነው፤ እናቷ በስንት ዕድሜዋ ጀመራት፣ ዓይኗን ያማት ነበር ወይ፣ መርፌ ነበር የምትወስደው ወይስ ክኒን። የማስታውሰውን እነግረዋለሁ። እያንዳንዱን መልስ ስሰጥ እህቴን ከተደበቀችበት እየጎተትኩ ማውጣቴ ነው። ያልጠየቁኝንም እነግረዋለሁ፤ ምን እንደሚጠቅም ስለማላውቅ። አንዳንዱን አላስታውሰውም፤ ያን ጊዜ ላስታውሰው ሳይሆን ልረሳው ነበር የታገልኩት። እንቅልፍ ሲነሳኝ የልጁን ነገር ነው የማስበው። ያኔ በተቀመጥኩበት ብናገር ኖሮ ስንት ሳምንት ይተርፍለት ነበር እላለሁ። ከዚያ መቁጠር እፈራለሁ።

ዛሬ ወደ ማምሻው ስልኬ ጠራ። እሷ ናት። ሰላምታ የለም። ከኋላዋ የዱባይ ተራ ጫጫታ ይሰማኛል፤ ሥራ ተመልሳለች ማለት ነው፤ ለምን ቆመሽ ትውያለሽ ልላት ፈልጌ አፌን ያዝኩ።

«ሐኪሙ ጠይቆኛል» አለች። «ከእኔ በፊት የነበሩት፣ ሞተው የተወለዱት። በስንተኛው ወር ነው?»

«ሁለቱም በስምንተኛው።»

በሚመጣው ሳምንት ስምንተኛ ወሯ ይገባል። እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«ከመሞታቸው በፊት መራገጥ አቁመው ነበር? ወይስ ድንገት ነው?»

«መጀመሪያ ቀነሱ። ሁለተኛው ላይ ነግራኝ ነበር፤ ዛሬ ተኝቶብኛል አለችኝ። ዕረፍት ያስፈልገዋል አልኳት። በማግስቱ አልተንቀሳቀሰም።»

ትንፋሿን ሰማሁት። «የእኔ ዛሬ ጠዋት ተራግጧል» አለች።

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓት ልብ አላልኩም። ሰው በዛብኝ።»

«አሁን ቁጭ በይ» አልኳት። «ሱቁን ዝጊው። በጎንሽ ጋደም በይና እጅሽን አስቀምጪበት። ካልተሰማሽ ማንንም ሳትጠብቂ ወደ ሆስፒታል።» በዚያው በድሮው በፍርሃት ድምፄ ነው ያልኳት። ሌላ ድምፅ የለኝም።

አልሳቀችብኝም። የሱቁ ቆርቆሮ በር ሲወርድ ሰማሁ። ጫጫታው ራቀ። ካርቶን ሲንኳኳ፣ ስትጋደም ስታቃስት ሰማሁ። ከዚያ ምንም።

«ተራገጠ?» አልኳት።

«ዝም በይ፣ እየጠበቅኩ ነው» አለችኝ።

ወስፌዬን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ፣ አብሬያት እጠብቃለሁ።